የቶሪኖው 83ኛ

የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. ምሽት በጣሊያኗ ቶሪኖ ከተማ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ 80 አገሮች በየተራ ወደ ስታዲየሙ ገቡ። ከመካከላቸው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ የያዘ አንድ ሰው ነበር። ከኋላው የሚከተለው ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰንደቅ ያዡም፣ ቡድኑም እሱው ራሱ ነበር።

በወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ ተቀምጦ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ከሩቅም ሩቅ ሊመስለው ይችላል። በሐብሩ በረዶን የምናውቀው አልፎ አልፎ ከዝናብ ጋር ወርዶ የማሽላውን ቅጠል ሲበጣጥስ፣ የጤፉን ፍሬ ሲያረግፍ ነው። ሰው በላዩ ቆሞ ይሽቀዳደምበታል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ነገር ግን የሮቤልን ስፖርት ከእኛ የሚያርቀው በረዶው ብቻ ነው። ትንፋሹን፣ ዳገቱን፣ የጭን ቃጠሎውን በደንብ እናውቀዋለን። ስፖርቱም አገር አቋራጭ ነው፤ ጃን ሜዳ በሩጫ የሚደረገው በስኪ ሲሆን ማለት ነው።

ስኪው ቀጭንና ቀላል ሰሌዳ ነው፤ ርዝመቱ ከተወዳዳሪው ቁመት ይበልጣል። ጫማው የሚታሰርበት በጣቶቹ በኩል ብቻ ስለሆነ ተረከዝ እንደ ልብ ይነሣል። በሁለት እጅ ሁለት ዱላ ይያዛል፤ በዳገት ላይ ሰውነትን ወደ ላይ ለመሳብ የክንድና የትከሻ ጉልበትም ያግዛል። አወዳደሩ ሁለት ዓይነት ነው። ክላሲክ በሚባለው ተወዳዳሪው በረዶው ላይ አስቀድሞ በተሰመሩ ሁለት ቦዮች ውስጥ እግሮቹን ወደፊት እያፈራረቀ ይሄዳል። ፍሪስታይል በሚባለው ግን ስኪውን ወደ ጎን እየገፋ፣ ከጫማው ሥር ስለት ገጥሞ በረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይንሸራተታል።

በክላሲክ ትልቁ ምሥጢር ሰሙ ነው። ከእግር ሥር ያለው የስኪው መካከል የሚይዝ ሰም ይቀባል፤ ሲረግጡት በረዶውን ጨምድዶ ወደፊት ያስፈነጥራል። ጫፍና ጫፉ ደግሞ የሚያንሸራትት ሰም ይቀባል። የሰሙ ዓይነት የሚመረጠው እንደ በረዶው ቅዝቃዜና እርጥበት ነው፤ ለጠዋቱ ብርድ የተመረጠው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሊከዳ ይችላል። የኖርዌይና የስዊድን ቡድኖች ሥራቸው ሰም መምረጥና መቀባት ብቻ የሆነ ባለሙያዎች ይዘው ይጓዛሉ። ሰሙን የሳተ ስኪ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ያንሸራትታል፤ የዓመታት ልምምድም በሩብ ሰዓት ውስጥ ከንቱ ይሆናል። ይህን ሳውቅ ነው ብቻውን የሚመጣ ተወዳዳሪ ምን ያህል ሸክም እንዳለበት የገባኝ።

የሮቤልን ጉዞ በሚገባ ለማየት በዚያው ቶሪኖ የነበረችን አንዲት ሩሲያዊት ከጎኑ ማቆም ይጠቅማል። ታቲያና ቶትሚያኒና ትባላለች። እሱ ከመወዳደሩ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 6፣ ከማክሲም ማሪኒን ጋር የጥንድ ፊገር ስኬቲንግን ወርቅ ወሰደች። በዚህ ስፖርት ወንድና ሴት ከጫማቸው ሥር ስለት ገጥመው፣ 60 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ የበረዶ ወለል ላይ በሙዚቃ ይንሸራተታሉ። ወንዱ በፍጥነት እየሄደ ሴቷን ከራሱ በላይ አንሥቶ በአንድ እጁ ይይዛታል። ይወረውራትና በአየር ላይ ደጋግማ ተሽከርክራ በአንድ እግሯ ታርፋለች። ጥንዶቹ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲሰናከል ሌላው ብቻውን አይራመድም።

ቶትሚያኒና ይህን በገዛ ራሷ ላይ አይታዋለች። ጥቅምት 1997 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ውስጥ ውድድር ላይ ሳሉ ማሪኒን ከፍ አድርጎ እንደያዛት ሚዛኑን ሳተ፤ በጭንቅላቷ በረዶው ላይ ወደቀች። በቃሬዛ ተወሰደች። ራሷን ስታ ስለነበር እሷ አወዳደቋን አላስታወሰችውም። ፍርሃቱ የጠናው በማሪኒን ላይ ነበር፤ እንደገና ሊያነሣት እጁ እምቢ አለው፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መሥራትም አስፈለገው። በዚያው ዓመት መጋቢት ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ካለፈው ዓመት ቀጥሎ ሁለተኛቸው ነበር። በአውሮፓ ሻምፒዮናም ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፈዋል። የወደቀችው ልጅ ድፍረት ይደንቀኛል፤ የጣላት ሰው እንደገና እጁን መዘርጋቱ ግን የበለጠ ይደንቀኛል።

ከእሷ በስተጀርባ ምን እንደነበረ ደግሞ እንይ። በጥንድ ፊገር ስኬቲንግ ከ1956 ዓ.ም. የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ አንሥቶ እስከ ቶሪኖ በተደረጉት 12 ኦሊምፒኮች ወርቁ ከሶቪየትና ከሩሲያ ጥንዶች እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ በ1994ቱ ብቻ ከካናዳ ጥንዶች ጋር ተጋርተውታል። ከእነዚያ መካከል ኢሪና ሮድኒና ብቻዋን ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅና አሥር የዓለም ሻምፒዮና አላት። የቶትሚያኒና አሠልጣኝ ኦሌግ ቫሲሊየቭም በ1976 ዓ.ም. ሳራየቮ ላይ በዚሁ ስፖርት ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ባለድል ባለድልን ያሠለጥናል፤ ልጅቷ በረዶ ላይ ስትወጣ የአርባ ዓመት ዕውቀት አብሯት ይወጣል። የሮቤልን ታሪክ ስናነብ ከዚህ አንጻር መሆን አለበት።

ሮቤል አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ሌክ ፕላሲድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ ስኪ የለመደውም እዚያ ነው። ሮድኒና ሦስተኛውን የኦሊምፒክ ወርቋን ያጠለቀችው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1972 ዓ.ም.፣ በዚህችው ትንሽ ከተማ ነበር። ሮቤል በኋላ ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ የስኪ ቡድን ተወዳደረ።

እስከዚህ ድረስ ያለው በአሜሪካ ካደጉ ብዙ ልጆች ታሪክ አይለይም። የሚለየው ለኢትዮጵያ ልወዳደር ሲል ነው። የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለመቆም አገሪቱ በዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የታወቀ የራሷ ፌዴሬሽን ያስፈልጋት ነበር፤ አልነበራትም። ስለዚህ ሮቤል ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ስኪ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ሩሲያዊቷ ተዘጋጅቶ የጠበቃትን ሁሉ፣ እሱ ከወረቀቱና ከማኅተሙ ጀምሮ መሥራት ነበረበት።

ልምምዱን አዲስ አበባም ሲመጣ አላቋረጠም። በረዶ በሌለበት ስኪ የሚለማመዱት በጎማ ስኪ ነው፦ አጭር ዘንግ፣ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ጎማ፣ ያው ጫማ፣ ያው ዱላ፤ የዱላው ጫፍ ብቻ አስፋልት እንዲይዝ በጠንካራ ብረት ይሾላል። ፍሬን ስለሌለው ቁልቁለት ላይ ያስፈራል። ሚኒባስና ጋሪ በሚጋፋበት መንገድ ሁለት ዱላ ይዞ እንዲህ የሚንሸራተት ሰው ያየ አላፊ አግዳሚ ቢገረም አይፈረድበትም። የአዲስ አበባ ከፍታ ግን ለትንፋሽ የሚሰጠው ጉልበት፣ የእኛ ሯጮች ለዓለም ያሳዩት ያው ነው።

የካቲት 10 ቀን ውድድሩ ደረሰ፤ 15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ። ተወዳዳሪዎቹ በየ30 ሴኮንዱ አንድ አንድ ሆነው ይለቀቃሉ፤ ደረጃውን የሚወስነው ሰዓቱ ነው። የኢስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ በ38 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ሮቤል ወደ መቶ ከሚጠጉት 83ኛ ሆነ። በስኪ ከእሱ ቀድሞ ስሙ የታወቀው ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይትም በዚያው ውድድር ነበረ፤ ሮቤል ቀድሞት ጨርሷል። ቦይት በ1990 ዓ.ም. ናጋኖ ላይ የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ አንደኛ የወጣው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ መድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ አቅፎት ነበር።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 2002 ዓ.ም.፣ ሮቤል በካናዳዋ ቫንኩቨር ሰንደቁን ዳግመኛ ያዘ። በ35 ዓመቱ 15 ኪሎ ሜትሩን በፍሪስታይል ተወዳድሮ 93ኛ ሆነ።

በሜዳሊያ መቁጠር ስለለመድን 83 እና 93 ብዙም አልተነገረላቸው ይሆናል። እኔ ግን በአትሌቲክስ ታሪካችን መጽሐፍ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል እላለሁ። በረዶ ላይ የተወዳደረው ብቸኛው ኢትዮጵያዊም ሮቤል አይደለም። የሮምና የቶኪዮ ጀግና አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ከተሳኑ በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ተጋብዞ ሄዶ ነበር። ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ፤ ውሾች በሚስቡት የበረዶ መንሸራተቻም 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከቫንኩቨር ወዲህ በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ ሰንደቅ አልታየም። ጎረቤታችን ኤርትራ በ2010 ዓ.ም. ፒዮንግቻንግ ላይ በካናዳ ባደገው ሻነን አቤዳ ተወክላ በቁልቁለት ስኪ ተካፍላለች። በዚያው ኦሊምፒክ ከሞቃታማዋ የፓስፊክ ደሴቶች አገር ከቶንጋ የመጣው ፒታ ታውፋቶፉዋ በ15 ኪሎ ሜትሩ 114ኛ ወጥቷል። ለማጣሪያ ከሚያስፈልገው ነጥብ ከፊሉን የሰበሰበው አስፋልት ላይ፣ በጎማ ስኪ ውድድሮች ነው፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እነዚህን ውድድሮች ይቆጥራቸዋል።

የበረዶ ሜዳ መሥራት ለወልድያም ለአዲስ አበባም ከባድ ወጪ ነው፤ ከወለሉ ሥር ማቀዝቀዣ ቧንቧ መዘርጋትና ቀን ከሌት ኤሌክትሪክ ማቅረብ ይጠይቃል። የጎማ ስኪ የሚፈልገው ግን አስፋልትና ዳገት ነው፤ በወሎ ሁለቱም አሉ። የደሴ ወልድያ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ለልጆች አይሆንም። ከመኪና ተከልሎ ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት የሚዘጋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ጥቂት ጥንድ የጎማ ስኪና ሥራ ላይ ያለ ፌዴሬሽን ቢኖር፣ የሐብሩ ልጅም ቶንጋዊው በጀመረበት መንገድ መጀመር ይችላል።