ያውቁ ኖሯል? የዶርዜ ነብር ረቡዕና ዓርብ ይጾማል

ከአባያ ሐይቅ ማዶ ከፍ ብለው በሚታዩት የጋሞ ተራሮች የሚኖሩት ዶርዜዎች በሽመናቸውና በቀርከሃ ቤቶቻቸው ስማቸው የታወቀ ነው። ስለ ሰው አእምሮ በተነሳ አንድ ትልቅ ክርክር ውስጥ የእነሱ መንደር ስፍራ እንዳለው ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ወጣት አንትሮፖሎጂስት ሳለ ዶርዜ ተቀምጦ አጥንቷል። የአገሬው ሰዎች ነብር ክርስቲያን እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያንን ጾም እንደሚያከብር ነገሩት። ሆኖም በጾም ቀንም ቢሆን ፍየሎቻቸውን ከነብር ከመጠበቅ አይቦዝኑም። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የተከበሩ አዛውንት ልቡ ወርቅ፣ ማጅራቱ ላይ አንድ ቀንድ ያለው ዘንዶ እንዲገድል ጠየቁት።

ሌላ ተመራማሪ ቢሆን «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ስፐርበር ግን አላለፈውም፤ ክብር የሚገባውም ለዚህ ነው። አስተዋይ ሰው ያላየውን እንዲህ ያለ ነገር የሚያምነው እንዴት ነው? ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ከአንትሮፖሎጂ ወደ ቋንቋ፣ ከቋንቋም ወደ ሥነ ልቦና ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ምልክታዊ አስተሳሰብ፣ በ1986 ከዲርድሬ ዊልሰን ጋር ስለ ንግግር፣ በ2017 ከሁጎ መርሲየ ጋር ስለ ማመዛዘን መጻሕፍት አሳተመ። በመጨረሻው መጽሐፍ እንደሚለው ማመዛዘን ያደገው ሰው ከሰው ጋር ሲከራከር ነው። በዱቡሻ፣ በሕዝብ ጉባኤው ስፍራ፣ ተቀምጦ ነገር ለሚፈታ የጋሞ ሽማግሌ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የዱቡሻን ጉባኤ በዚያው በጋሞ፣ በኦቾሎ ያጠናው ሌላው ፈረንሳዊ ማርክ አቤሌስ ደግሞ በኋላ የአውሮፓ ፓርላማን አጥንቷል።