«10 ሜጋ» ሲባል

የቤት ኢንተርኔት የሚያስገባ ሰው «10 ሜጋ» ብሎ ይዋዋላል። ፋይል ማውረድ ሲጀምር ግን ኮምፒውተሩ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳየዋል። ተጭበረበርኩ ብሎ ከመቆጣቱ በፊት 1.25ን በስምንት ያባዛው፤ ያው 10 ይመጣል። ውሉ የተጻፈው በሜጋ ቢት፣ ፋይሉ የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲያሳጥሯቸው የሚለያቸው የ«ቢ» ትንሽና ትልቅ መሆን ብቻ ነው። ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር በአንዲት ፊደል ቁመት መለየቱ ለገዢ አይመችም።

ቢት የመረጃ ትንሹ ቅንጣት ነው፤ ወይ 0 ነው ወይ 1። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመ ጥናቱ ያስተዋወቀው ክሎድ ሻነን ሲሆን፣ ስያሜው የጆን ቱኪ መሆኑን እዚያው ጽፏል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል። ስምንት መሆኑ ግን ቀድሞ የተወሰነ አልነበረም፤ በስድስት ቢት የሚሠሩ ኮምፒውተሮችም ነበሩ። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360ን ካስተዋወቀ ወዲህ ነው ስምንቱ የጸናው።

የእኛ ፊደል በዚህ ስሌት ከበድ ይላል። ኢንተርኔት ላይ በሰፊው በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ የግዕዙ 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» 9 ባይት ወይም 72 ቢት ነው። ያም ሆኖ መስመር የሚያጨናንቀው ጽሑፍ ሳይሆን ቪዲዮ ነው። 700 ሜጋ ባይት ፊልም 5,600 ሜጋ ቢት ስለሆነ በ10 ሜጋ ቢት መስመር 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩን ሌላ የቤተሰብ አባል ካልተጋራው። እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ስለሚሸከም ጊዜው ትንሽ ይረዝማል።

በሞባይል «5 ጊጋ» ስንገዛ ደግሞ የገዛነው ብዛት እንጂ ፍጥነት አይደለም። እንዲያውም ኔትወርኩ ሲፈጥን ብዙ የቪዲዮ መተግበሪያዎች ጥራቱን ራሳቸው ከፍ ስለሚያደርጉ ጥቅሉ ቶሎ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን በሜጋ አይለካም፤ ምላሽ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ። ይህ የሚቆጠረው በሚሊ ሰከንድ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለ ሳተላይት የሚያልፍ ጥያቄ ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም እንደዚያው። ጉዞው በድምሩ ወደ 144,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋልና በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። መስመሩ 10 ሜጋ ሆነ 100፣ በቪዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች መልስ በዚያው ልክ ዘግይቶ ይደርሳል።