በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጂፒኤስ የሚያውቀውና የማያውቀው

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ተዘርግታለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ጎዳና ሐረጎን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚጓዘው አውቶቡስ፣ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭኖ የሚነሳው ከባድ መኪና፣ ጠዋት ለሥራ ወጥቶ ማታ የሚመለሰው የቤት አውቶሞቢል ሁሉም የሚገናኙት በዚህ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ጉም በወረደ ቀን ከፊት ያለው መኪና እንኳ በቅጡ አይታይም።

በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ዛሬ አንድ አዲስ ተሳፋሪ አለ፤ ጂፒኤስ። አንዳንዱ አሽከርካሪ ስማርት ስልኩን በፊት መስታወቱ ላይ ለጥፎ ካርታ ይከተላል። አንዳንዱ መኪና ደግሞ ባለቤቱ የሚከታተልበት ወይም ፍጥነቱ የሚገደብበት መሣሪያ በውስጡ ተገጥሞለታል። መሣሪያው ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የት እንደተቀመጠ፣ ማን እንደገጠመውና መቼ እንደሚነካ ካልታወቀ አደጋን የሚከላከለው ራሱ የአደጋ ምክንያት ይሆናል።

መሣሪያው እንዴት ያውቃል?

ጂፒኤስ አሜሪካ ለወታደራዊ አገልግሎት የዘረጋችው የሳተላይት ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆነው ይዞራሉ፤ እጅግ ትክክለኛ በሆኑ ሰዓቶች እየተመሩም የጊዜ ምልክት ይልካሉ። በመኪናው ወይም በስልኩ ውስጥ ያለው ተቀባይ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላል፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ሳተላይት ምን ያህል እንደሚርቅ ይለያል። ቦታውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ የ4 ሳተላይቶች ምልክት ያስፈልገዋል። ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር፤ ይህ የቀረው በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በተራ መኪኖች ውስጥ በስፋት ሊገባ ችሏል። አሁን ያሉ ብዙ ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያን፣ የአውሮፓንና የቻይናን ሳተላይቶችም ይጠቀማሉ።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ተቀባዩ ምልክት ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይት የሚልከው ነገር የለም፤ ስለዚህ ቦታን ለማወቅ ብቻ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድና የመንገድ መጨናነቅን ለማወቅ ነው። ከደሴ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚወጣ አሽከርካሪ ካርታውን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ቢያስቀምጥ ኔትወርክ ሲጠፋ መንገዱ አይጠፋበትም። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሰማይን ማየት አለበት። በገደል ሥር፣ በከፍተኛ ተራራ ጥግና በጣሪያ ሥር ምልክቱ ስለሚጋረድ ወይም ከገደሉ ግድግዳ ነጥሮ ስለሚመጣ ቦታውን በሜትሮች አሳስቶ ሊያሳይ ይችላል። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የጥቂት ሜትሮች ስህተት አንዱን መታጠፊያ ከሌላው ሊያምታታ ይችላል።

ካርታው ከዚህም የባሰ ጉድለት አለው። በቅርቡ የተቆፈረውን፣ በናዳ የተዘጋውንና ለከባድ መኪና የሚጠበውን መንገድ ላያውቅ ይችላል። አጭር ነው ብሎ የሚመርጠው መንገድ ቁልቁለቱ የከፋ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ለመንገዱ እንግዳ የሆነ አሽከርካሪ ከመነሳቱ በፊት በመናኸሪያው ያሉ ነባር ሹፌሮችን ቢጠይቅ ካርታው የማይነግረውን ያገኛል።

የት ይቀመጥ?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ1 ሴኮንድ 16 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ለ2 ሴኮንድ ብቻ ስልኩን ቢመለከት 33 ሜትር ገደማ መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ርቀቱ 44 ሜትር ይጠጋል። በሐረጎ ላይ 44 ሜትር ከአንድ መታጠፊያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አሽከርካሪ እየነዳ ስልክ በእጁ ይዞ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ካርታ የሚያሳይ ስልክም ያው ስልክ ነው፤ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መሪ መያዝ ከክልከላው አያስመልጥም። በጭን ላይ ማስቀመጥም ዓይንን ከመንገዱ አውርዶ ወደ ታች ስለሚወስድ ከአደጋው አያድንም።

መፍትሔው ስልኩን ወይም የጂፒኤስ መሣሪያውን በማቀፊያ አስሮ፣ ዓይን በትንሹ ብቻ ከመንገዱ ሲነሳ በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቦታው ግን ከፊት ያለውን መንገድ፣ የእግረኛ መሻገሪያውንና የጎን መስተዋቱን መጋረድ የለበትም። በመስታወቱ መሃል ወይም ከአሽከርካሪው ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተለጠፈ ስልክ ሕፃን ልጅ ወይም ባጃጅ ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። በሌሎች አገሮች ይህ በመለኪያ ተወስኗል። ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ መሣሪያው በመስታወቱ ላይ ከተለጠፈ ከአሽከርካሪው በራቀው የታችኛው ጥግ ላይ በ18 ሴንቲ ሜትር ካሬ ገደማ፣ ወይም ለአሽከርካሪው ቅርብ በሆነው የታችኛው ጥግ ላይ በ13 ሴንቲ ሜትር ካሬ ገደማ ውስጥ እንዲወሰን ያዛል፤ ኤርባግ በሚፈነዳበት ቦታ ላይም መሆን አይችልም። ለኢትዮጵያ አሽከርካሪም ይህ መልካም መመሪያ ነው። ቦታው ዝቅ ያለ፣ ጥግ የያዘ፣ የአየር ከረጢቱ ከሚወጣበት ስፍራ የራቀ ይሁን። ከረጢቱ ሲፈነዳ ከፊቱ ያለ ስልክ ወደ ሰው ፊት እንደ ድንጋይ ይወረወራል።

በኮምቦልቻ ሙቀት በመስታወት ላይ የተጣበቀ ማቀፊያ እየላላ ሊወድቅ ይችላል። የወደቀው ስልክ በፍሬን መርገጫው ሥር ቢገባ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ማቀፊያው ከጉዞ በፊት መፈተሽ አለበት፤ የኃይል መሙያ ገመዱም ከመሪው፣ ከማርሹና ከእግር መርገጫዎቹ ርቆ መታሰር ይገባዋል።

መድረሻው የሚጻፈው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ነው። መንገድ ለመቀየር ያሰበ አሽከርካሪ ተስማሚ ቦታ ላይ ዳር ይዞ ይቁም። ረዳት ካለ ደግሞ ስልኩን መንካት የረዳቱ ሥራ ይሁን፤ የአሽከርካሪው ሥራ የድምፁን መመሪያ መስማትና መንገዱን ማየት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ አንድ ደቂቃ ለማትረፍ ሲሉ ስልክ መነካካት ለቅሞ የማይመለስ ነገር ሊያስከትል ይችላል።

የተገጠመው መሣሪያ

ሁለተኛው ዓይነት ጂፒኤስ አይታይም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተደብቆ ከመኪናው ባትሪ ኃይል ይወስዳል፤ በውስጡ ባለው ሲም ካርድ አማካኝነትም ቦታውንና ፍጥነቱን ለባለቤቱ ይልካል። የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ መሠረት ከጂፒኤስ ጋር የተያያዘ የፍጥነት መገደቢያ በተሽከርካሪዎች ላይ እንዲገጠም ሲደረግ ቆይቷል። ገጠማው ፈቃድ ባለው ድርጅት እንዲከናወን የተፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ያለ ፊውዝ የተያያዘ ሽቦ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በተሳሳተ መስመር የተቀጠለ መሣሪያ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል ወይም የሞተሩን መቆጣጠሪያ ያውካል። ሞተር የሚያጠፋ ማቋረጫ ያለው መከታተያ በሩቅ ሆኖ ስርቆትን ለመከላከል ይረዳል፤ ነገር ግን መኪናው በቁልቁለት ላይ እየሄደ ሳለ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም እገዛ ይዳከማል። ስለዚህ ገጣሚው ይህ ትእዛዝ መኪናው ሲቆም ብቻ እንዲሠራ ማድረጉን ባለንብረቱ ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሕጋዊ ገጠማን የሚፈልግ ባለንብረት ገጣሚው ፈቃዱን እንዲያሳየው ይጠይቃል፤ ደረሰኝና የገጠማ ማረጋገጫም ይቀበላል፤ የማረጋገጫው ወረቀት የመኪናውን ታርጋ መያዙንም ያረጋግጣል። ርካሽ ነው ተብሎ በመንገድ ዳር የሚገጠም መሣሪያ ይህ ሁሉ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሐረጎ አሽከርካሪ ሊያውቀው የሚገባው ጉዳይ የፍጥነት መገደቢያው ወሰን ነው። አብዛኛው መገደቢያ የሚሠራው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ወይም የነዳጅ መስጫውን በመገደብ ነው። በሜዳና በዳገት ይህ ይበቃል። በቁልቁለት ግን መኪናውን የሚገፋው የራሱ ክብደት ነው፤ ነዳጁ ቢገደብም ጭነት የያዘ መኪና ከተወሰነለት ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል። መሣሪያው ፍሬን አይረግጥም። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከባድ መኪና ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ከባድ ማርሽ መግባትና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ አለበት። ፍሬኑን ያለማቋረጥ መርገጥ ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። «መገደቢያ አለው» ብሎ በሐረጎ የሚወርድ አሽከርካሪ የሚታመነው መሣሪያው በማይሠራበት ቦታ ላይ ነው።

ጥንቃቄው የማጋነን ጉዳይ አይደለም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በተራራማ መንገድ ላይ የአንድ መኪና ስህተት የብዙ ቤት ኀዘን ይሆናል።

የማን መረጃ ነው?

የተገጠመ መከታተያ መኪናውን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም ሰው ይከታተላል። አሽከርካሪው የት እንደዋለ፣ የት እንዳደረ፣ ስንት ሰዓት እንደነዳ ይመዘግባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንድን ሰው ለመለየት የሚያስችል መረጃ በሕጋዊ ምክንያትና ለታወቀ ዓላማ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጣሪ ድርጅት መከታተያ መኖሩንና የሚሰበስበውን መረጃ ለአሽከርካሪው አስቀድሞ ቢያሳውቅ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። የሌላ ሰው መኪና ላይ በድብቅ መከታተያ መለጠፍ ግን የሰውን የግል ሕይወት መድፈር ነው።

መረጃው አሽከርካሪውንም ሊጠቅም ይችላል። አደጋ ሲደርስ ፍጥነቱን የሚመሰክር መዝገብ ነው፤ ያለ እረፍት ሌሊት ሙሉ የሚነዳ ሠራተኛም የሥራ ጫናውን ለማሳየት ያገለግለዋል።

እንግዲህ ጂፒኤስ መኪናው የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ይናገራል። ጉሙ ምን ያህል እንደወፈረ፣ የፍሬኑ ሸራ ምን ያህል እንደሳሳ፣ ከመታጠፊያው ማዶ ከብት እየነዳ የሚሻገር ልጅ መኖሩን ግን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ከመሪው ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነው። ከደሴ ሊወርድ የተነሳ አሽከርካሪ መድረሻውን ጽፎ፣ ማቀፊያውን አጥብቆ፣ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስተካክሎ ከተነሳ በኋላ ዓይኑን ለሐረጎ ይተው።