አንድ ቼክ፣ ሁለት ፊርማ፦ ከፍቺ በኋላ በውጭ አገር የሚደርስ የጋራ ግብር ተመላሽ

መግቢያ

በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ መሠረት ባልና ሚስት የዓመት ገቢያቸውን በአንድ ሰነድ በጋራ ማስታወቅ ይችላሉ። ለዚህ የሚያበቃቸው የጋብቻ ሁኔታ የሚለካው በግብር ዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ማለትም በዲሴምበር 31 ነው። በዚያ ዕለት በጋብቻ ላይ የነበሩ ጥንዶች በቀጣዩ ዓመት የጋራ ማስታወቂያ አቅርበው፣ በትርፍ የከፈሉት ግብር ሳይመለስላቸው ሊፋቱ ይችላሉ። ከዚያም አንደኛው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሌላኛው በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ቀርቶ ከሆነ፣ በሁለቱም ስም የተጻፈው የተመላሽ ቼክ ከሁለቱ በአንዱ እጅ ይገባል፤ ገንዘቡ ግን በቀላሉ አይወጣም።

ችግሩን የሚያወሳስበው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ መታየታቸው ነው። እነርሱም ገንዘቡ የማን ነው? ቼኩን መመንዘር የሚችለው ማን ነው? ክርክር ቢነሳ የሚወስነው ማን ነው? የሚሉት ናቸው። እያንዳንዱ ጥያቄ በተለያየ የሕግ ክፍል ይመለሳል። የአንዱ መልስም ለሌላው መልስ አይሆንም።

ገንዘቡ የማን ነው?

የጋራ ማስታወቂያ የፈረሙ ተጋቢዎች ለግብሩ ዕዳ በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ናቸው። መንግሥት ሙሉውን ዕዳ ከሁለቱም ሆነ ከአንዱ ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፍቺም ይህን ኃላፊነት አያስቀርም። ከዚህ በመነሳት ተመላሹም የጋራ፣ ድርሻውም እኩል ነው ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። ሆኖም የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ለረጅም ጊዜ የያዘው አቋም ከዚህ ይለያል። በጋራ ማስታወቅ የአንዱን ተጋቢ ገንዘብ የሁለቱ አያደርገውም፤ በትርፍ የተከፈለው ግብር የሚመለሰው ለከፈለው ሰው ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በዓመቱ ከባል ደመወዝ 9,000 ዶላር፣ ከሚስት ደመወዝ 3,000 ዶላር ግብር ተቀንሷል እንበል። የጋራ ግብራቸው 8,000 ዶላር ሆኖ ቢገኝ ተመላሹ 4,000 ዶላር ይሆናል። ሁለቱ ለየብቻቸው ቢያስታውቁ ኖሮ የባል ግብር 7,500፣ የሚስት 2,500 ዶላር ይሆን ነበር ብንል፣ ከጋራ ግብሩ ሦስት አራተኛው የባል፣ አንድ አራተኛው የሚስት ድርሻ ነው። በዚህ መሠረት ባል 9,000 ከፍሎ ድርሻው 6,000 ስለሆነ 3,000 ዶላር፣ ሚስት 3,000 ከፍላ ድርሻዋ 2,000 ስለሆነ 1,000 ዶላር ይመለስላቸዋል። እኩል ክፍፍል ቢሆን ኖሮ እያንዳንዳቸው 2,000 ዶላር ይደርሳቸው ነበር።

ለዚህ ግን አስፈላጊ ገደብ አለ። ካሊፎርኒያንና ቴክሳስን ጨምሮ በ9 ግዛቶች በጋብቻ ዘመን የሚገኝ የሥራ ገቢ የጋራ ሀብት በመሆኑ ስሌቱ በግዛቱ ሕግ ይለወጣል። ይህ በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከተቀበለው መርህ ጋር ይቀራረባል። በዚህ ሕግ ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ እሳቤ ያደጉ ተፋቺዎች እኩል ድርሻን እንደ ተፈጥሯዊ ቢቆጥሩት አያስደንቅም፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን ከ9ኙ ግዛቶች ውስጥ አይደሉም።

ቼኩን መመንዘር የሚችለው ማን ነው?

ባንክ ቼክ ሲቀርብለት የሚመለከተው የገንዘቡን ባለቤትነት ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። የሁለት ተከፋዮች ስም በ«ወይም» ተለይቶ ከተጻፈ ከሁለቱ አንዱ መፈረሙ ይበቃል፤ በ«እና» ከተያያዘ ግን ሁለቱም በቼኩ ጀርባ መፈረም አለባቸው። የጋራ ግብር ተመላሽ የሚጻፈው በሁለተኛው መንገድ ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የሦስት አራተኛው ባለድርሻ እንኳ ያለ ቀድሞ ባለቤቱ ፊርማ አንድ ዶላር ማውጣት አይችልም።

ባንኮች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ የሚሆኑበት ምክንያት አላቸው። በቼኩ ላይ ያለው ፊርማ ሐሰተኛ ወይም ያለ ሥልጣን የተፈረመ ሆኖ ከተገኘ፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የከፈለውን ገንዘብ ቼኩን ካቀረበው ባንክ መልሶ መጠየቅ ይችላል። በሌላ ሰው ስም አስመስሎ መፈረምም በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ የቼኩ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ከሆነ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስቀጣል። «ድርሻዬ ነው» ማለት ከዚህ ተጠያቂነት አያድንም።

ርቀት የሚጨምረው ችግር

በውጭ አገር ለሚኖር ተፋቺ ጊዜም ቦታም ይጠብባቸዋል። የግምጃ ቤቱ ቼክ የሚያገለግለው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ብዙ ባንኮች እንዲህ ያለ ቼክ አይቀበሉም፤ የሚቀበሉትም ወደ አሜሪካ ልከው ክፍያው እስኪረጋገጥ ገንዘቡን ሊያቆዩ ይችላሉ። ቼኩ ለፊርማ በፖስታ ከአገር አገር ሲመላለስ የመጥፋቱም ስጋት አለ።

ፊርማውን በአካል ማግኘት ካልተቻለ፣ ያን ቼክ ለይቶ የሚጠቅስ የውክልና ሰነድ አንዱ አማራጭ ነው። ሰነዱን በአሜሪካ ኤምባሲ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ለአንድ ማኅተም የሚጠየቀው ክፍያ 50 ዶላር ነው። ቼኩን የሚቀበለው ባንክ ምን ዓይነት ውክልና እንደሚጠይቅ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በአይአርኤስ ፊት ደንበኛን ወክሎ የሚቀርብ የግብር ባለሙያ የደንበኛውን ተመላሽ ቼክ ፈርሞ መመንዘር የተከለከለ ስለሆነ፣ ለእርሱ የተሰጠ ተራ ውክልና ለዚህ አያገለግልም።

የአንድ ዓመቱ ጊዜ ቢያልፍ ወይም ቼኩ ቢጠፋ ገንዘቡን የማግኘት መብት ወዲያው አይቀርም። በቅጽ 3911 ፍለጋ ወይም ምትክ ቼክ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የጋራ ከነበረ ይህም ቅጽ የሁለቱን ፊርማ ይፈልጋል። ወረቀቱ ቢለወጥም ጥያቄው ያው ሆኖ ይቀጥላል።

ክርክሩን የሚወስነው ማን ነው?

አይአርኤስ በተፋቺዎች መካከል አይዳኝም። የፍቺ ውሳኔ ተመላሹን ለአንዱ ወገን ሊሰጥ ወይም ከላይ ከታየው ስሌት በተለየ ሊከፋፍል ይችላል፤ ውሳኔው የሚያስገድደው ግን ሁለቱን ተፋቺዎች ነው። አንዱ አልፈርምም ካለ አቤቱታው የሚቀርበው ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱም እንዲፈርም ማዘዝ፣ እምቢ ሲልም መቅጣት ይችላል። ውሳኔው ስለ ተመላሹ ምንም ካላለ የአመልካቹ መንገድ ይረዝማል።

ስለዚህ መፍትሔው ከቼኩ መምጣት በፊት ይጀምራል። ተጋቢዎች ሲያስታውቁ ተመላሹ በቀጥታ ወደ ባንክ እንዲገባ መጠየቅ፣ በቅጽ 8888 አማካይነትም እስከ 3 ሒሳቦች ድረስ ማከፋፈል ይችላሉ። በፍቺ ስምምነቱም የተመላሹ ድርሻና የመፈረም ግዴታ ከነጊዜ ገደቡ ቢጻፍ ይመረጣል። ከአገር የሚወጣው ወገን ደግሞ የአድራሻ ለውጡን በቅጽ 8822 ሲያሳውቅ፣ የጋራ ማስታወቂያ አብሮት ካቀረበው ሰው ተለይቶ መኖር መጀመሩን በዚያው ማመልከት ይችላል።

ማጠቃለያ

በማርች 2025 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት የወረቀት ቼክ ክፍያ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ እንዲቋረጥ በማዘዙ፣ ቼኩ ራሱ እየቀረ ነው። ይህ የፊርማውን ችግር ያቃልላል፤ የባለቤትነቱን ጥያቄ ግን አይመልስም። ተመላሹ በአንዱ ስም ባለ ሒሳብ ቢገባ፣ ቀድሞ የሌላውን ፊርማ ሲጠብቅ የነበረው ወገን አሁን የሌላውን ፈቃድ ይጠብቃል። ቼኩ አስቸጋሪ ቢሆንም ለደካማው ወገን ጥበቃ ነበር፤ ያለ እርሱ ፊርማ ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። ይህ ጥበቃ ሲቀር ቦታውን መተካት የሚችለው በግልጽ የተጻፈ የፍቺ ውሳኔ ነው።