ቆጥን ለልጆች መኝታ ስለ ማዘጋጀት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋማ ክፍል፣ ይልቁንም ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ብርዱ ጽኑ ነው። ስለዚህ ቆጥ ባለው ቤት ከብቱ ከታች በጋጣ ያድራል፤ ልጆች ከላይ በቆጡ ይተኛሉ፤ የከብቱም ሙቀት ወደ እነርሱ ይወጣል።

ልጆች ሲበዙ፣ ወንዶቹንና ሴቶቹን ለየብቻ ለማስተኛት ቆጡን በሸምበቆ ግርዶሽ ለሁለት መክፈል ይቻላል። ነገር ግን አስቀድሞ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል።

አንደኛው ክብደት ነው። በቆጡ ላይ እህል ተቀምጦ እንደ ሆነ ይውረድ፤ እርጥበት እንዳያገኘውም ከታች በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። አግዳሚዎቹ በባላ ይደገፉ።

ሁለተኛው መውጫው ነው። መሰላሉ ከግርዶሹ አጠገብ ቢቆም፣ አንዱ ወገን የሌላውን መኝታ ሳይረግጥ ይወጣል፤ ይወርዳል።

ሦስተኛውና ዋናው ጭስ ነው። ምድጃው ከታች ሲነድ ጭሱ የሚከማቸው ልጆች በሚተኙበት ከፍታ ላይ ነው። የሣር ክዳን ጥቂት ጥቂት ያሳልፈዋል፤ ቆርቆሮ ግን የበለጠ ያፍነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጠው፣ የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ጠባብ ክፍል ደግሞ ጭሱን ይይዘዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ምድጃው ወደ ማድ ቤት ይውጣ፤ ቆጡ ከዚያ በኋላ ይከፈል።