ሄፓታይተስ ሲ ቲ ሴልን እንዴት ያደክማል?

ከሰሃላ ቆላ እስከ ሰቆጣ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። ሄፓታይተስ ሲን ግን በዓይን ቢጫነት መጠበቅ ያዘናጋል፤ በቫይረሱ ከተያዙት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ምልክት አያዩም። ጉበት ውስጥ ግን ትግሉ ተጀምሯል።

የሚታገሉት ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። አንዱን ወገን፣ ሲዲ ፎርን፣ ከኤች አይ ቪ ሕክምና ጋር በስም እናውቀዋለን፤ ሥራው ማስተባበር ነው። ሲዲ ኤይት የሚባለው ደግሞ ቫይረስ የገባበትን የጉበት ሕዋስ ፈልጎ ይገድላል። ኤች አይ ቪ ሲዲ ፎር ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል። ሄፓታይተስ ሲ የሚኖረው በዋናነት በጉበት ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ቲ ሴሎችን የሚረታቸውም በማድከም ነው።

ቲ ሴሎች በርትተው የሚነሡት ቫይረሱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሲዲ ፎሮቹ ካልላሉ ሰውየው ያለ መድኃኒት ይድናል፤ ከ10 ሰው ወደ 3ቱ በ6 ወር ውስጥ እንዲህ ይድናሉ። በቀሩት ግን አስተባባሪው ቀድሞ ይከዳና ሲዲ ኤይት ብቻውን ይቀራል። ቫይረሱ ሲባዛ የሚሠራውን ስህተት ስለማያርም መልኩ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ትናንት የለየውን ሲዲ ኤይት ዛሬ አያውቀውም። መልኩን ያልለወጠውም ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል። ማማ ላይ ቆሞ ወፍ ከማሽላ ሲያባርር የሰነበተ ልጅ ድምፁ እንደሚዘጋ ሁሉ፣ ሲዲ ኤይትም በቦታው እያለ ጉልበቱ ያልቃል። በገጹ ላይ ሥራውን የሚገታ ፒዲ ዋን የተባለ ፕሮቲን ይበዛል፤ የመግደል አቅሙ ይዳከማል።

ክፋቱ፣ ቫይረሱን ማጥፋት ያቃተው ይህ ትግል ጉበትን ማቁሰሉን አያቆምም። ቁስሉ በጠባሳ እየተተካ ሄዶ ከ20 እስከ 30 ዓመት በኋላ ሲሮሲስ፣ አንዳንዴም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ከተለየ ወዲህ ሕክምናው እጅግ ተሻሽሏል። በአፍ የሚወሰዱት የዛሬዎቹ መድኃኒቶች በ8 ወይም በ12 ሳምንት ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ያድናሉ። የደከሙት ቲ ሴሎች ግን ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው አይሆኑም፤ የድካሙ አሻራ በውስጣቸው ይቀራል። የዳነ ሰውም እንደገና ሊያዝ ይችላል። ክትባት እስካሁን የለም፤ ቲ ሴልን ለማንቃት የተሠራ አንድ ክትባት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ በሽታው ሥር እንዳይሰድ መከላከል አልቻለም።

ስለዚህ ዋናው ነገር ቀድሞ ማወቅ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም ነው። ለሁለት ሰው የዋለ መርፌ ወይም ምላጭ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የድድ ንቅሳት፣ ዋግምት ሁሉ መንገዱን ይከፍቱለታል። ከእነዚህ አንዱ ደርሶብዎት ከሆነ፣ ወይም ያልተመረመረ ደም ተሰጥቶዎት ከነበረ፣ ጤና ተቋም ሲሄዱ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ምርመራ በሽታው አንድ ጊዜ ነክቶዎት እንደሆነ ብቻ ያሳያል፤ ቫይረሱ አሁንም በደምዎ መኖሩን የሚለየው ሁለተኛው ነውና እሱንም ሳያሠሩ አይመለሱ።