ገላን፦ ከስም ጋር የማይጻፍ ጎሳ

ገላን በሸዋ ከሚኖሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች አንዱ ነው። ቱለማ ከመጫ ጋር ከቦረና የሚመዘዝ ሲሆን ዳጪ፣ በቾና ጂሌ በሚባሉ ሦስት ታላላቅ ቅርንጫፎች ይከፈላል። ገላን የሚቆጠረው ከዳጪ ወገን ነው። የጎሳው አገር ከአዲስ አበባ በስተደቡብና ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም ባለው ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ቂሊንጦ የተባለችው አካባቢም የምትገኘው በዚሁ ውስጥ ነው። የከተማው ነዋሪ በየዕለቱ የሚጠራቸው የካና ጉለሌም እንደ ገላን የቱለማ ጎሳዎች ስሞች ናቸው።

ጎሳ ባልባላ ወደሚባሉ ክፍሎች፣ ባልባላም ወራ ወደሚባሉ ቤተሰቦች ይወርዳል። ዘር የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው። ሆኖም ከሌላ ወገን የመጣ ሰው በሞጋሳ ሥርዓት፣ ልጅም በጉዲፈቻ የጎሳው አባል ይሆናል፤ መብቱም አብሮ ከተወለደው አያንስም።

አባልነት ግዴታ አለው። አንድ ሰው ነፍስ ሲያጠፋ ሽማግሌዎች ገብተው ያስታርቃሉ፤ ጉማ የሚባለውን የደም ካሳም ዘመዶቹ አዋጥተው ይከፍላሉ። ጋብቻ ሲታሰብም አስቀድሞ የሁለቱ ወገን ሐረግ ይጠየቃል፤ በልማዱ እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኙ አይጋቡም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን ብቻ በመሆኑ ልማዱ ከሕጉ የጠበቀ ነው።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ጎሳ ግን በስም ውስጥ አይታይም። አባቱ ገመቹ፣ አያቱ ደበሌ የሆነ ሰው ቶላ ገመቹ ደበሌ ይባላል። ልጁ ጫልቱ ቶላ ገመቹ ትሆናለች፤ ደበሌ ከወረቀቱ ይወጣል። ጫልቱ ብታገባም የባሏን ስም አትወስድም። በየትውልዱ አንድ ስም ሲጨመር አንዱ ይወርዳልና የቀረውን የሚያቆየው የአዛውንቶች ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም አገሩ በሦስቱ ስም ጸንቷል።

በሕንድ ማኒፑር የሚኖሩት ሜይቴዎች በዚህ ይለያሉ። ማንጋንግ፣ ሉዋንግና ኩማንን ጨምሮ ሰባት ጎሳዎች አሏቸው፤ በየጎሳው ሥር ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ብዙ የቤተሰብ ስሞች አሉ። እነሱም በአንድ ጎሳ ውስጥ ጋብቻን ይከለክላሉ፤ ጎሳውን ግን የቤተሰቡን ስም አይቶ ማወቅ ይቻላል። የገላን ሰው ካልተጠየቀ አይታወቅም።

ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ቀዬ ሲኖሩ ይህ አያስቸግርም ነበር። ዛሬ ግን የቂሊንጦ የእርሻ መሬት ዩኒቨርሲቲ፣ ኮንዶሚኒየምና የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ሆኗል። የገበሬው ልጆች በየሰፈሩ ተበትነዋል፤ ሐረግ የሚቆጥሩትም እያረጁ ነው። አያት ያለው ወጣት የአያቶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት፣ ባልባላውንም ጨምሮ ዛሬውኑ ጠይቆ ይጻፍ።